አባቴ በ52 ዓመቱ ሞተ፤ የኔስ ዕድሜ በዘር ተቆርጦ ይሆን?

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጆች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዕድሜዬ 44 ነው። አባቴ በ52 ዓመቱ አንድ ጠዋት ደረቱን ይዞ ወደቀና በዚያው አረፈ። ታላቅ ወንድሙም ከእሱ ቀድሞ በ49 ዓመቱ ሞቷል፤ በቤታችን ስለ እሱ «ድንገት ነው» ከመባል ሌላ የሚነገር የለም። በእናቴ ወገን ግን አያቴ 93 ዓመት ኖራለች። እናቴ 71 ሆኗታል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። እኔ ከ22 ዓመቴ ጀምሮ በቀን 10 ሲጋራ ገደማ አጨሳለሁ። ሥራዬ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቴ 88 ኪሎ ነው። ባለፈው ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ግፊቴን ስለካ 148 በ94 ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተለካሁም። በቅርቡ ኢንተርኔት ላይ ዕድሜ የሚገምት ማስያ ሞልቼ 67 አለኝ፤ ሌላው ደግሞ 74። እንቅልፍ ነስቶኛል። በአባቴ ነው የምወጣው ወይስ በአያቴ? ነገሩ በዘር የመጣ ከሆነ አሁን ሲጋራ ብተው፣ ስፖርት ብጀምር ምን ይለወጣል? የ38 ዓመት እህትና የ12 ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ፤ የእነሱም ነገር ያሳስበኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በ52 ዓመት የሚያልቅ ዕድሜ በዘር አይወረስም። የሚወረሰው ለአንዳንድ በሽታዎች ያለ ተጋላጭነት ነው። በእርስዎ ቤት ተጋላጭነቱ በልብ ደም ሥሮች በኩል የመጣ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ሊለካና ሊታከም የሚችል ነው። ደብዳቤዎን ስናነብ ከአባትዎ አሟሟት በላይ ያሳሰቡን ሁለት ነገሮች አሉ፤ 22 ዓመት የዘለቀው ሲጋራ እና አንድ ጊዜ ተለክቶ የተተወው 148 በ94።

በመጀመሪያ ከ67ቱ እንገላገል። እንዲህ ያሉ ማስያዎች የሚነሱት ከአንድ ሕዝብ ወይም ከአንድ የጥናት ቡድን የሞት መዝገብ ነው። የእርስዎን መልስ ይዘው ከሚመስሉዎት ብዙ ሰዎች ጋር ይመድቡዎትና የእነዚያን ሰዎች አማካይ ይነግሩዎታል። ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዱ ከቁጥሩ 20 ዓመት ቀድሞ፣ አንዳንዱም 20 ዓመት ዘግይቶ ይሞታል፤ እርስዎ ከየትኛው እንደሚሆኑ ማስያው አያውቅም። አንዱ 67 ሌላው 74 ያለዎት መነሻ መዝገባቸውና ጥያቄዎቻቸው ስለሚለያዩ ነው። በዜና የሚሰሙት የአንድ ሕዝብ አማካይ ዕድሜም ለእርስዎ አይሠራም፤ ከልደት ጀምሮ ስለሚሰላ በሕፃንነታቸው የሞቱትን ሁሉ ይጨምራል፤ 44 የደረሰ ሰው ደግሞ ያንን ሁሉ አደጋ አልፏል። ከማስያው አንድ ጥቅም ማግኘት ከፈለጉ ሌላውን መልስ ሁሉ እንዳለ ይተዉና የሲጋራውን ብቻ ቀይረው እንደገና ይሙሉት። በሁለቱ ውጤቶች መካከል የሚያዩት ልዩነት ከጠቅላላው ቁጥር የተሻለ ነገር ይነግርዎታል።

ታዲያ ዘር ምን ያህል ይወስናል? እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1900 በተወለዱ የዴንማርክ መንቶች ላይ ተሠርቶ በ1996 የታተመ ጥናት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የዕድሜ ርዝመት ልዩነት ሩብ ያህሉ ከዘር የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። በ2018 ደግሞ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የያዘ የቤተሰብ ሐረግ መዝገብ የመረመሩ ተመራማሪዎች ድርሻው ከ10 በመቶ በታች ነው ብለዋል። ምክንያታቸው ትኩረት የሚስብ ነው። የባልና የሚስት ወንድሞችና እህቶች፣ በደም ሳይዛመዱና በአንድ ቤት ሳያድጉ፣ ዕድሜያቸው ሲመሳሰል አገኙት። ሰው በኑሮው፣ በትምህርቱና በልማዱ የሚመስለውን ስለሚያገባ፣ ቀድሞ «ዘር ነው» ይባል ከነበረው ብዙው የኑሮ መመሳሰል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ስሌቱ ዘዴ ከፍም ዝቅም ይላል፤ ይሁን እንጂ የትኛውም ስሌት የአንድን ሰው የሞት ቀን ከአባቱ የሞት ቀን አያወጣም። ሩብ ሲባልም የሕዝብ ልዩነት ማብራሪያ ነው፤ የእርስዎ ዕድሜ ሩብ በአባትዎ ተወስኗል ብለው እንዳያነቡት።

በአያትዎ 93 ዓመትም ብዙ አይደገፉ። ሰው ከአንድ አያቱ የሚወርሰው በአማካይ የዘሩን ሩብ ብቻ ነው፤ የአያት ረጅም ዕድሜ የአባትን የልብ በሽታ አያጣፋም። «እገሌ እያጨሰ 90 ኖረ» የሚለው ክርክርም አያዋጣም። በዕድሜ ርዝመት ክብረ ወሰን የተመዘገበላት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን፣ በ1875 ተወልዳ በ1997 በ122 ዓመቷ ያረፈችው፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ታጨስ ነበር። የምናወራው ግን ስለ እሷ ስለ ተረፈችው ነው፤ አጭሰው በ50ዎቹ ያለፉት ለክርክር አይቀርቡም።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት አንድ ክፍል አለ፤ በአንድ ዘረ መል ጉድለት የሚመጡ በሽታዎች። ከነዚህ ውስጥ እርስዎን የሚመለከተው በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነው። ከ250 እስከ 300 ሰዎች ውስጥ አንዱ ገደማ ይኖረዋል፤ ከአንድ ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም 50 በመቶ ነው። ሰውየው ቀጭን ሊሆን ይችላል፤ ቅባት የማይነካም ሊሆን ይችላል፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መጥፎው ኮሌስትሮል ደም ሥሩን እየደፈነ ይቆይና በ40ዎቹና በ50ዎቹ ልቡን ይመታል። በ49 እና በ52 ዓመት የሞቱ ሁለት ወንድማማቾች ሲነሱ አንድ ሐኪም ቶሎ የሚያስበው ይህንን ነው። አለብዎት ማለታችን አይደለም። በአንድ የደም ምርመራ ይለያል፤ ካለም መድኃኒት አለው።

በሕክምናው አነጋገር «የልብ በሽታ በቤተሰብ አለ» የሚባለው አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት ሲታመሙ ነው። በ80 ዓመቱ በልብ ሕመም የሞተ አባት አይቆጠርም፤ የእርስዎ አባት ግን በትክክል ይቆጠራል። ይህን ለሐኪም በግልጽ መናገር አለብዎት፤ ግፊትም ሆነ ኮሌስትሮል በምን ያህል ጥንካሬ እንደሚታከም የሚወስነው አንዱ ይህ ነው።

«በዘር ከሆነ ምን ይለወጣል?» ላሉት ደግሞ ቀጥተኛ መልስ አለ። በ2016 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ሰዎችን በዘረ መል ምርመራ ለልብ በሽታ ባላቸው ተጋላጭነት መደባቸው። ከዚያ አራት ነገሮችን አየ፤ አለማጨስ፣ ከልክ በላይ አለመወፈር፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ ጤናማ አመጋገብ። የዘር ተጋላጭነታቸው ከፍተኛ ከነበረው መካከል ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱን የያዙት፣ አንዱን ብቻ ከያዙት ወይም ምንም ካልያዙት ጋር ሲነጻጸሩ የመታመም ዕድላቸው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። የዘር ጫናው ያለበት ሰው ከልማድ ለውጥ የሚያገኘው ጥቅም ጫናው ከሌለበት ሰው ይበልጣል እንጂ አያንስም። «ዘሬ ነው» ብሎ መተው ያለበት የመጨረሻው ሰው እርስዎ ነዎት።

ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት አንድ ሥራ ይሥሩ። እናትዎ በሕይወት እያሉ አጠገባቸው ይቀመጡና የቤተሰቡን የሕመም ታሪክ በአንድ ወረቀት ይጻፉ። «ድንገት» የሚለው ቃል ብዙ ይደብቃል፤ የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ የትልቁ ደም ሥር መቀደድ፣ ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋት፣ በዘር የሚመጣ የልብ ጡንቻ መወፈር፣ በጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ ሁሉም በቤተሰብ አፍ «ድንገት» ናቸው። ስለዚህ «በምን ሞተ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ያው ነው። አጎቴ ሲወድቅ ምን እየሠራ ነበር? ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጣ ቆም እያለ ደረቱን ይዳብስ ነበር? ከዚያ በፊት ራሱን ስቶ ያውቃል? ራስ ምታት ብሎ ነበር? እግሩ ያብጥ ነበር? ግፊት ወይም ስኳር አለብህ ተብሎ ያውቃል? ያጨስ፣ ይጠጣ ነበር? አባቴስ በቀን ስንት ያጨስ ነበር? እንዲህ ያለ ጥያቄ እናትን ያስታውሳል። አባትዎ በቀን አንድ ፓኮ ያጨሱ ከነበረ፣ በ52 ዓመት መሞታቸው ከዘሩ ይልቅ የሲጋራው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለእርስዎ ትልቅ ልዩነት አለው።

ወረቀቱ ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት የሞቱበትን ዕድሜ ብቻ መጻፍ ነው። ለሐኪም የሚጠቅመው ሕመሙ የተገኘበት ዕድሜ ነው። ለምሳሌ አንድ የቅርብ ዘመድ በ48 ዓመቱ የአንጀት ካንሰር ከተገኘበት፣ ልጆቹና ወንድም እህቶቹ የአንጀት ምርመራ የሚጀምሩት በ38 ነው፤ ደንቡ በ40 ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ የሚቀድመው ነው የሚለው። በሕይወት ያሉትን ዘመዶችና የእናትን ወገን አይዝለሉ። የእናትዎ የደም ግፊት ራሱ ተጋላጭነቱ ሊወረስ ይችላል። በእናት ወገን ብዙ ሴቶች በወጣትነት በጡት ወይም በእንቁላል ዕጢ ካንሰር ታመው ከሆነም ይጻፉት፤ እሱ በወንዶችም በኩል ይተላለፋል።

አሁን ወደ 148 በ94። ከ40 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ እንደታየው ከ115 በ75 ጀምሮ የላይኛው ቁጥር በ20 በጨመረ ቁጥር በልብ በሽታና በስትሮክ የመሞት አደጋ በእጥፍ ያድጋል። ግፊት ደግሞ አያምም፤ ራስ ምታት እስኪሰማ መጠበቅ ስህተት ነው። ግን አንድ ልኬት ምርመራ አይባልም፤ ፋርማሲ ገብተው ቆመው፣ ወይም ሲጋራ አጭሰው፣ ወይም እያወሩ ከተለኩ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል።

ስለዚህ የክንድ መለኪያ ያግኙና ለ7 ቀን ይለኩ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አይምረጡ፤ እጅ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ቁጥሩ ይዛባል። የክንድ ማሰሪያው መጠን ወሳኝ ነው፤ ለወፍራም ክንድ የጠበበ ማሰሪያ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ ክንድዎን በሜትር ለክተው በማሰሪያው ላይ ከተጻፈው ክልል ጋር ያመሳክሩ። ከመለካትዎ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡናም ሲጋራም አይኑር። ሽንትዎን ይሽኑ፤ የሞላ ፊኛ ግፊት ይጨምራል። ጀርባዎን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርገው፣ እግሮችዎን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አሳርፈው፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ባዶ ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ አርፎ ማሰሪያው ከልብዎ ትይዩ ይሁን። በሚለካበት ጊዜ አይናገሩ፤ ማውራት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩና ሁለቱንም ይጻፉ፤ ጠዋት አንድ ዙር፣ ማታ አንድ ዙር። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉና የቀሪዎቹን 6 ቀናት ቁጥሮች አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት አለብዎት ማለት ነው፤ ሐኪም ቤት ሲለካ መስፈርቱ 140 በ90 ነው። ቁጥሩ ከመስፈርቱ በታች ቢሆንልዎ ደስ ይበልዎ፤ ቢበልጥ ግን ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። «ዛሬ ጥሩ ሆኗል» ብሎ የተሻለውን ቁጥር ብቻ መርጦ መጻፍ የሚጎዳው ራስዎን ነው።

መድኃኒት ከታዘዘልዎ አንድ ነገር ይያዙልን። ግፊቱ ሲወርድ «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም በየቀኑ የምናየው ስህተት ነው። የወረደው መድኃኒቱ ስላለ ነው። መድኃኒቱን መቀነስ የሚቻለው፤ ክብደት ከወረደ፣ ጨው ከተቀነሰ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ።

በዚያው ጉብኝት የደም ምርመራ ይጠይቁ። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ በዴሲ ሊትር ደም 190 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከላይ ያነሳነውን የዘር ዓይነት ማሰብ ይገባል። ከእሱ ጋር «ሊፖፕሮቲን ትንሹ ኤ» የሚባለውን ሌላ ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት አንድ ጊዜ ያስለኩ፤ መጠኑ በአብዛኛው በዘር የሚወሰን፣ በምግብም በስፖርትም እምብዛም የማይቀየር ስለሆነ በዕድሜ ልክ አንዴ መለካቱ ይበቃል፤ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ሌሎቹን አደጋዎች አጥብቆ ማከም ያስፈልጋል። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ከ100 እስከ 125 ከሆነ ቅድመ ስኳር፣ 126 ወይም ከዚያ በላይ በድጋሚ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። የኩላሊትና የሽንት ምርመራም ይጨመር። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምት ምርመራ) ንጹሕ ቢወጣ ግን አይዘናጉ፤ በእረፍት ላይ የሚነሳ ኢሲጂ ልብ ትናንት ከተጎዳ ሊያሳይ ይችላል፣ ደም ሥሩ ግማሽ ተዘግቶ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። «ኢሲጂዬ ጥሩ ነው» ብለው ማጨስ የቀጠሉ ብዙዎች አሉ።

ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ስታቲን ቢታዘዝልዎ አይፍሩት። ኤልዲኤል በ39 ሚሊ ግራም በወረደ ቁጥር የልብ ሕመምና ስትሮክ የመሰለ ችግር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የጡንቻ ሕመም ከተሰማዎት በራስዎ ከማቆም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑም ዓይነቱም ሊቀየር ይችላል። አስፒሪን ግን ማንም ቢመክርዎ በራስዎ አይጀምሩ፤ ልቡ ታሞ ለማያውቅ ሰው የመድማት ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ሲጋራው። በ1951 ተጀምሮ የእንግሊዝ ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ ማጨስ የቀጠሉት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። በ30 ዓመቱ የተወ ሰው 10ሩንም ያተርፋል፤ በ40 የተወ 9፣ በ50 የተወ 6፣ በ60 የተወ 3 ዓመት። እርስዎ 44 ነዎት፤ ከ9ኙና ከ6ቱ መካከል ነዎት፤ እያንዳንዱ የሚያልፍ ዓመት ወደ 6ቱ ይገፋዎታል። ምንም ስፖርት፣ ምንም ምግብ ይህን ያህል አይመልስም። «10 ብቻ ነው የማጨሰው» የሚለው ማጽናኛም ለልብ አይሠራም። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ሰው ከተሸከመው ተጨማሪ የልብ አደጋ ግማሽ ገደማውን ይሸከማል። ስለዚህ ከ10 ወደ 3 ማውረድ ለልብዎ የሚሰጠው ጥቅም ከሚያስቡት ያነሰ ነው፤ ሰውነትም ያጣውን ኒኮቲን ለማካካስ እያንዳንዷን በጥልቀት ወደ ውስጥ ይስባታል። ግቡ ዜሮ ነው።

በ2 ሳምንት ውስጥ የሚሆን ቀን ይቁረጡ። በዚያ ቀን ጠዋት ቤት፣ መኪና፣ ኪስ ውስጥ ሲጋራም መለኰሻም አይኑር። በቀን 10 ወይም ከዚያ በታች ለሚያጨስ ሰው ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ባለ 14 ሚሊ ግራሙ ለ6 ሳምንት፣ ከዚያ ባለ 7 ሚሊ ግራሙ ለ2 ሳምንት ነው፤ ከ10 በላይ ከሆነ በ21 ይጀመራል። ስለዚህ «ገደማ» ያሉትን አንድ ሳምንት በሐቀኝነት ይቁጠሩት። ፕላስተሩ ንጹሕ፣ ደረቅና ፀጉር በሌለው ቆዳ ላይ፣ በየቀኑ ቦታ እየቀየሩ ይለጠፋል፤ ቅዠት ከበዛ ማታ ይነሳ። በላዩ ላይ ድንገት ለሚመጣው ፍላጎት የኒኮቲን ማስቲካ ይጨመራል። ጠዋት በነቁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨሱ ከሆነ ባለ 4 ሚሊ ግራሙ፣ ካልሆነ ባለ 2ቱ። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ ያለማቋረጥ አይታኘክም፤ ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ምላስ ላይ መቆጥቆጥ ሲጀምር ታኝኮ ይቆምና ጉንጭና ድድ መሀል ይቀመጣል፤ መቆጥቆጡ ሲጠፋ እንደገና ትንሽ ይታኘካል። ኒኮቲኑ የሚገባው በጉንጭ ነው፤ ከተዋጠ ሆድ ያቃጥላል እንጂ አያረካም። ከመታኘኩ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ቡና ወይም ለስላሳ መጠጥ ከተጠጣም በደንብ አይገባም። ግፊትዎ ከፍ ያለ ስለሆነ እነዚህን ሲጀምሩ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ይንገሩ፤ እንደ ቫሬኒክሊን ያሉ በሐኪም የሚታዘዙ እንክብሎችም አሉ።

ክፉው ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ብስጭቱና የእንቅልፍ መዛባቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀንሳል። አንድ የሲጋራ አምሮት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ተነስተው ቦታ ይቀይሩ፣ ውኃ ይጠጡ። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 4 እስከ 5 ኪሎ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ይህን ከአሁኑ ይወቁት፣ ምክንያቱም ብዙ ወንዶች ቦርጭ ሲያወጡ ወደ ሲጋራ ይመለሳሉ። ለልብ ግን ከ5 ኪሎው ይልቅ ሲጋራው እጅግ ይከፋል። ከተዉ ከአንድ ዓመት በኋላ ማጨስ ያመጣብዎት ተጨማሪ የልብ አደጋ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ተሳስተው አንድ ቢያጨሱ ፕላስተሩን አይንቀሉ፤ በማግስቱ ይቀጥሉ። ደጋግመው ሞክረው ነው ብዙዎቹ የሚተዉት።

ክብደትን በተመለከተ ሚዛኑን ትተው ሜትር ይያዙ። በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ አውጥተው ወገብዎን ይለኩ። ከቁመትዎ ግማሽ፣ ማለትም ከ86 ሴንቲ ሜትር፣ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለወንድ ከ102 በላይ ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው። ስኳርዎ ቅድመ ስኳር ላይ ከተገኘ ከክብደትዎ 7 በመቶውን፣ በእርስዎ 6 ኪሎ ገደማ፣ መቀነስ ግብ ይሁንዎ። በ2002 ውጤቱ በታተመ ሙከራ ይህን ግብና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይዘው የሠሩ ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ወርዷል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ ነበር። መሮጥ አያስፈልግዎትም፤ ልቡ ላልተመረመረ፣ ዕድሜው 44 ለሆነ አጫሽ እንዲያውም በአንድ ጊዜ መሮጥ አንመክርም። በቀን 10 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ 30 ደቂቃ ያድርሱት፣ በሳምንት 5 ቀን። ልኩ፣ እየሄዱ ማውራት የሚችሉ፣ መዝፈን ግን የማይችሉ ከሆነ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ይጨምሩ፤ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ ለመጀመሪያ ይበቃል።

በምግብ ብዙ አናስጨንቅዎ። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል ይብዛ፤ የተሰናዳ ሥጋና በስኳር የጣፈጠ መጠጥ ይቅር፤ ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይሁን፣ ዳቦና የታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። አልኮል ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ ለልብ ብለው አይጀምሩት። ሲተኙ የሚያንኮራፉና ትንፋሽ የሚያቋርጡ ከሆነ የቤት ሰው ይጠይቁ፤ በእንቅልፍ የትንፋሽ መቋረጥ ግፊትን በመድኃኒት እንኳ እንዳይወርድ ያደርገዋል። ዕድሜ ያረዝማሉ ለሚባሉ ቫይታሚኖች ገንዘብ አያውጡ።

እየተራመዱ ደረትዎን የሚጫን፣ የሚያጠብቅ ስሜት መጥቶ ሲቆሙ የሚተውዎ ከሆነ እንቅስቃሴውን አቁመው በዚያው ሳምንት ይመርመሩ። ተቀምጠው እያሉ ከመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተሰማ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ከተከተለ፣ ግን «ጨጓራ ይሆናል» ብለው አይጠብቁ፤ ራስዎ መኪና ሳይነዱ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የልብ ጡንቻ የሚድነው በደቂቃ ነው።

እህትዎ የአንድ አባት ልጅ ናትና የእርስዎ ያህል ይመለከታታል፤ በ38 ዓመቷ ግፊቷንና ኮሌስትሮሏን ትለካ። ነፍሰ ጡር ሳለች ግፊት ተነስቶባት የሚያውቅ ከሆነ ይህን ለሐኪሟ ትንገረው፤ ኋላ ላይ የልብ አደጋ ይጨምራል። የምታጨስ ከሆነ ደግሞ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ኤስትሮጂን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ልትወስድ አይገባም፤ ሌላ ዓይነት ትቀይር።

ልጅዎን በተመለከተ አያቱ ከ55 ዓመት በፊት በልብ ስለሞቱ በ12 ዓመቱ አንድ ጊዜ ኮሌስትሮሉን ማስለካት ተገቢ ነው። የእርስዎ ኤልዲኤል ከ190 በላይ ከወጣ ደግሞ ግዴታ ይሆናል፤ ጤነኛና ቀጭን ቢሆንም ይለካ፣ ምክንያቱም ያንን ዘር ወርሶ ከሆነ ሕክምናው በልጅነት ስለሚጀመር ነው። ከፍ ካለ ሁለተኛ ልኬት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይደገም፤ የእርስዎን ውጤትና ከእናትዎ ጋር የጻፉትን ወረቀት ይዘው የሕፃናት ሐኪም ጋ ይሂዱ። እስከዚያው ቤት ውስጥ አይጨስበት፤ በረንዳ ላይም ቢሆን።